ለየሺ ቅንጃ የጠፋበት ክረምት

የመሬት መለኪያ ገመዱን ያስረከብኩት በዚህ በጋ ነው። የወረዳው ልጆች እንደ ስልክ ያለ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ማሳውን ዳር ዳሩን ዞሩት፣ ጥግ ጥጉ ላይ እየቆሙ ተጫኑት፣ አለቀ። እኛ ስንለካ የምንውልበት ነው።

«እማ ደብሬ፣ ከእንግዲህስ ይረፉ» አለኝ አንደኛው።

መሣሪያው ጥሩ ነው። አይደክመውም፣ ዘመድ የለውም፣ ጠላ አይጋብዙትም። ቅናት ይዞኝ አይደለም የምጽፈው። ልጆቹ መለካቱን ከእኔ አይማሩም፤ ከለኩ በኋላ ስላለው ግን የሚነግራቸው ሰው ያላቸው አይመስለኝም።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም በመሠረተ ትምህርት ተጀምሮ በማታ የተጨረሰ። በቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ ሲቋቋም ሴት ትኑርበት ተባለ። ወንዶቹ ተያዩና «ደብሬን እናስገባት፣ ባሏ ሞቷል፣ ሥራ አይበዛባትም» አሉ። አምስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ሥራ አይበዛባትም! ዝም ብላ ትቀመጣለች ብለው ነው። ደመወዝ የለውም ነበር። ወረታ ለስልጠና ስንጠራ የምትሰጥ ጥቂት አበል አለች፤ እሷም ትዘገያለች። በመጀመሪያ ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ባለው ቀበሌ ሠራሁ፤ ቀበሌዎቹ ሲጣመሩ ወደ ርብ ወንዝ በኩልም ተላክሁ። የወረዳ ኃላፊም ብዙ አየሁ። አንዱ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከአስፋልቱ አይወርድም ነበር፤ አንዷ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ከእኛ ጋር ረግረግ ገባች። ሁለቱም ተቀየሩ።

ሥራውን ያስተማረኝ አያ ታከለ ነው። ከገበሬ ማኅበር ዘመን ጀምሮ መሬት ሲያካፍል የኖረ፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነበር። በሚያካፍልበት ቤት እህል አይቀምስም። የሽምብራ ቆሎ በኪሱ ይዞ ይመጣና ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ይበላል። «የጎረሰ እጅ ገመዱን ወዳጎረሰው ይስባል» ይላል።

ገመዱ የቃጫ ነበር። ቃጫ ጤዛ ሲጠጣ ያጥራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይላላል። ስለዚህ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ከሰዓት መለካት በአያ ታከለ ዘንድ ነውር ነው። ወይ ሁሉን በጤዛ፣ ወይ ሁሉን በፀሐይ። የእኛ የፎገራ ሜዳ ለዓይን እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው፤ ውሃ ግን አይታለልም። ከላይ ያለው ደረቅ፣ መካከሉ ለሩዝ የሚመች፣ ታችኛው ወንዙ ሲሞላ የሚዋጥ ነው። ለሦስት ወራሽ ማሳውን በአግድም ከቆረጥከው አንዱ ሩዝ ይበላል፣ አንዱ ሣር ያጭዳል፣ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል። አያ ታከለ ሁልጊዜ በቁመት ነበር የሚቀደው፤ ከደረቁ ጀምሮ እስከ ውሃው፣ ሁሉም ከሁሉም እንዲደርሰው። ውሃው የት ድረስ እንደተኛ በዛፍ ግንድ ላይ የቀረውን የደለል መስመር አይቶ ያውቃል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ከመለካቱ በፊት እያንዳንዱን ወራሽ ለየብቻው ይዞ ድንበሩን ያዞረዋል። «ይህ ከማን ይዋሰናል? ያኛውስ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱን ለፍርድ አይጠቀምበትም፤ ሰውየውን ለማወቅ ነው። ሴት ወራሽ ካለች ደግሞ መሬቱን የምትፈልግ መሆን አለመሆኗን እዚያው ድንበር ላይ፣ ሰው በሌለበት ይጠይቃታል። «ድግስ ፊት ሴት አትጠየቅም» ይላል። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት አትካፈልም ነበር። ሕጉ እኩል ካለ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን «ስትዳር ከብት ወስዳለች፣ መሬቷ በባሏ ቤት ነው» ይላል። ወረታ ገበያ ስወርድ የማርፍበት ቤት ጎረቤት አንድ ሼህ ነበሩ። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«በእናንተ ለሴት የወንድሟን ግማሽ ነው አሉ። ይህ ፍርድ ነው?»

ሳቁ። «በእናንተስ ስንት ነው፣ ደብሬ?»

«እኩል።»

«ስንቷ ወሰደች?»

ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩና ተውኩት።

«የእኛዋ ግማሿን ተነፍጋ ብትመጣ ለወንድሟ የምለው አለኝ። የእህትህን ድርሻ ስትበላ እሳት ነው የበላኸው እለዋለሁ፤ ይደነግጣል። አንቺ ምን ትይዋለሽ?»

«ሕግ ነው እለዋለሁ።»

«ይደነግጣል?»

«አይደነግጥም።»

በግማሹ ዛሬም አልስማማም፤ ግማሽ ግማሽ ነው፣ ይህንንም ለሼሁ ነግሬያቸዋለሁ። ጥያቄያቸው ግን ተከትሎኝ መጣ። የየሺ ጉዳይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሺ የአያ ተገኘ ልጅ ናት። ወደ ሐሙሲት ተድራ ነበር፤ ትዳሯ ፈርሶ ሴት ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ተመለሰች። አባቷ ሲያረጁ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ዓይናቸውንም የከደነች እሷ ናት። ሁለት ወንድሞች አሏት፤ ታላቁ አለበል፣ ታናሹ ምናለ። ሁለቱም ጎጆ ወጥተው እዚያው አጠገብ ይኖራሉ። አያ ተገኘ የሞቱት በመስከረም ነው፤ ሳይናዘዙ።

በተዝካሩ ቀን እኔም ተጠርቼ ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሺን ጠሯት። መሶብ እያነሣች ነበር።

«የሺ፣ ልጄ፣ ወንድሞችሽ መከታሽ ናቸው። እንግዲህ ለአባትሽ ነፍስ ብለሽ፣ ምን ትያቸዋለሽ?»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሷ «የአባቴን መሬት ለወንድሞቼ» ትላለች፤ ሽማግሌዎቹ «ተባረኪ» ይሏታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። የአያ ታከለ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። መሶብ የያዘች ሴት፣ እንግዳ ፊት፣ የአባቷን ነፍስ ስም ጠርተውባት እንዴት አልሰጥም ትላለች?

ተነሣሁ። «አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ይህ እዚህ አይጠየቅም። ማሳው ላይ ይጠየቃል።»

«እታለም ደብሬ» አለ አለበል፣ «የጠራንሽ ለጸሎት ነው ወይስ ለገመድ?»

ሰው ሳቀ።

«ለጸሎት። ጸሎቱ አልቋል። ወደ መሬት የገባችሁት እናንተ ናችሁ።»

«አቤት ምላስ! ምነው ይቺን ምላስ ለበሬ በሰጠልን፣ ሣር አያመልጠውም ነበር» አሉ ሽማግሌው። እንደገና ተሳቀ። ያስጣሉን ቄሱ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው «የሙት ነፍስ ከመሬት ጋር አይደባለቅ፤ የመሬቱን በመሬቱ ጊዜ» አሉ። እሳቸው ካሉ በኋላ የሚናገር አልነበረም።

ሩዙ ከታጨደ በኋላ ድንበር ማዞሩን ጀመርኩ። አለበል የላይኛውን አዋሳኞች አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ ታች ስንደርስ ተቸገረ። ምናለ ገና ከመጀመሪያው «አለበልን ጠይቂው» አለኝ። የሺን ስወስዳት እኔ ሳልጠይቅ መራችኝ።

«ይህ የአያ ዘለቀ ነበር፤ አሁን ሚስታቸው ናት ያለችበት፣ ዘንድሮ ጓያ ዘርታበታለች። ይቺ ቦይ የኛ ናት፤ አምና ጎርፉ ደልድሏት እኔ ነኝ በዶማ የከፈትኳት።»

ውሃው ዳር ቆምን። «ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

«እፈልገዋለሁ።»

«ወንድሞችሽ ይቀየሙሻል።»

«አውቃለሁ። እታለም፣ የኔ ቤት ሲፈርስ ወደ አባቴ መጣሁ። የልጄ ቤት ቢፈርስ ወዴት ትምጣ?»

ሌላ አልጠየቅኋትም።

ወንድሞቿ ተከራከሩ፤ ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እኩል ተብሎ ተመለሰ። በጥር፣ በጤዛ፣ ማሳውን በቁመት ለሦስት ቀደድነው። ዕጣ ተጣለ። አለበል ጭራሮ ሰጠ፣ ምናለ ጠጠር፣ የሺ ደረቅ ኩበት። የማን ምን እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ጠርተን በሦስቱ ቅዳድ ላይ እንዲያስቀምጥ አደረግን። ኩበቱ መካከል ላይ ወደቀ። የሺ በሁለት ወንድሞቿ መካከል ገባች። ድንጋዮቹን ተከልን፤ ከሥራቸው ከሰል ቀበርን፣ ድንጋዩ ቢነሣ ከሰሉ እንዲናገር። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሥራው አልቋል ብዬ ነበር።

ከብቱም ተካፍሎ ነበርና ለየሺ አንድ ዳልቻ በሬ ደረሳት። በአንድ በሬ አይታረስም። በእኛ ዘንድ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የአንተን፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ ሁለቱም ያርሳሉ። ሴት ደግሞ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ ሞፈር ግን አትይዝም። የበሬ ቅንጃዋ አራሽዋም መሆን ነበረበት። ምርቱንም ከእሷ ጋር በእኩል ይካፈላል።

ማንም አልተቀናጃትም።

አንዱ በሬው ቀንዱን ታሟል አለ። ሌላው ከአያቱ ጀምሮ የሚቀናጀው ሰው አለው። ሦስተኛው «ሚስቴን ላማክር» አለኝ፤ ሚስቱን አማክሮ የማያውቅ ሰው! ቤት ለቤት ዞርኩ። እውነቱን የነገረኝ አንድ ብቻ ነው።

«እታለም፣ የእሷን ባርስ አለበል ነገ ለደቦ አይወጣልኝም። ሌሎቹም እሱን አይተው ይቀሩብኛል። ስሞት ማን ያነሣኛል?»

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ። በነሐሴ ከመንገዱ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ግራው ሩዝ፣ ቀኙ ሩዝ፣ መካከሉ አረም። አለበል «መሬቱ ራሱ አልቀበላትም አለ» ይል እንደነበር ሰማሁ። የሺ ወረታ ወርዳ ሩዝ መፈልፈያ ቤት የቀን ሥራ ያዘች፤ ያንኑ የሰው ሩዝ ስታበጥር ትውላለች። ልጇም መስከረም ሲጠባ ቤት ለመጠበቅ ከትምህርት ቀረች። የቀበሌው ሰብሳቢም «ጦም ያደረ መሬት ለሚያርስ እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። አውቃለሁ። ሕጉ እንዲህም ይላል።

በሥራ ዘመኔ ከዚያ ክረምት የከፋ አላየሁም። ልኬቱ ትክክል ነበር። ዕጣው ንጹሕ ነበር። ድንጋዮቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። የሺ ግን ከአባቷ መሬት አንድ እፍኝ አላገኘችም።

አያ ታከለ ያኔ ታሞ ከቤት አይወጣም ነበር። ሄጄ ነገርኩት። «ለወንድ ድንጋይ ከተከልሽለት ይበቃዋል» አለ። «ለሴት ድንጋይ ከተከልሽ በሬም ፈልጊላት።»

«ሰው እንቢ አለኝ እኮ።»

«ሰው ሁሉ?»

«ሰው ሁሉ» ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን ሰው ሁሉ አልነበረም። አንድ ያላንኳኳሁት ቤት ነበር፤ ላንኳኳውም ትዝ አላለኝም። የደምሌ ቤት ነው። ደምሌ ከመንደሩ ዳር፣ ከመንገዱ በላይ የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውን ሁሉ የምናገኘው ከእሱ ነው፤ ቤቱ ግን አንገባም። እኔም ያደግሁት ከጠይብ ቤት ውሃ እንዳትጠጪ እየተባልኩ ነው። መሬት የለውም። አንድ ቀይ በሬ አለው።

የዚያ ዓመት እርሻ አልፏል፤ ለቀጣዩ ክረምት ሳይደርስ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ማጭዴን እንዲስልልኝ ብዬ ሄድኩ። ወናፉን እያናፋ አገኘሁት።

«ደምሌ፣ በሬህ ቅንጃ አለው?»

«የእኔ በሬ?» ሳቀ። «እንደ እኔው ብቻውን ነው የሚውል። እሱንም ቡዳ ይሉታል መሰለኝ።»

«የየሺም በሬ ብቻውን ነው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «እታለም፣ ልታጣይኝ ነው የመጣሽ።»

«ለደቦ ይቀሩብሃል?»

«መች መጥተውልኝ ያውቃሉ?»

«ከእድር ያስወጡሃል?»

«መች አስገብተውኝ?»

«ታዲያ ምን ያደርጉሃል?»

ከሰሉን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረገ። «እሱስ ነው» አለ በመጨረሻ። «እውነት፣ ምን ያደርጉኛል?»

የሺ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ሰው እስካሁን ምን አለሽ?»

በሬዋን ፈትታ ሰጠችው።

መጀመሪያ በሬዎቹ ሲጠመዱ እኔም ማሳው ዳር ነበርኩ። ዳልቻውና ቀዩ አልተዋወቁም፤ አንዱ ሲጎትት አንዱ ይቆማል። ሁለት ፈር ያህል ተጣመመ። ሦስተኛው ላይ አለበል ዱላውን ይዞ መጣ፤ ምናለ ከኋላው።

«አንተ ጠይብ! ከአባቴ መሬት ውጣ! እህሉን በዓይንህ ልትጨርሰው ነው?»

ደምሌ በሬዎቹን አቆመ። ሞፈሩን ቀና አድርጎ ማረሻውን ከአፈር አወጣና በመዳፉ ጠረገው።

«አለበል፣ ይህን ማረሻ ማን ሠራው?»

«አንተ ነሃ።»

«ያንተንስ?»

አለበል ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ።

«የአባትህን ደግሞ አባቴ ነው የሠራው። እናንተ መሬቱን ከመንካታችሁ በፊት የኛ እጅ ይነካዋል። ታዲያ እህላችሁ በየት በኩል በቅሎ ነው እስከ ዛሬ የበላችሁት?»

ምናለ ሳቁ አመለጠው። አለበል ዘወር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። ደምሌ «ሃ!» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። አለበል ትንሽ ቆመ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ። እሱም፣ ሌላ ሰውም፣ እስከ ማጨጃ ድረስ ለየሺ ቃል አልተነፈሰላትም። ውሃ ስትቀዳ እንስራ የሚያሸክማት አልነበረም። አረሙን እሷና ልጇ፣ የደምሌም ሚስት ነቀሉት። ውሃው በነሐሴ እስከ ዛፉ ግንድ መጣና ተመለሰ። ሩዙ ቆመ።

በታኅሣሥ የሺና ደምሌ አውድማው ላይ አበራዩ። በእኩል የሚካፈሉ ስለሆነ ሁለቱም «እታለም ትስፈርልን» አሉ። ቁና ይዤ ሄድኩ። ክምሩ ትልቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ አረም ያደረበት መሬት ነው። እኔ እጅጌዬን ስሰበስብ አለበል በመንገዱ ብቅ አለ። ወደ ማሳው የሚያልፈው በእኛ አውድማ ጥግ ነው።

በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው እንኳ አውድማ አጠገብ ሲደርስ ዝም ብሎ አያልፍም። የሰው ልጅን መራገም ይቻላል፤ እህልን ዝም ማለት አይቻልም። እርምጃው ሲዘገይ አየሁ። የደምሌ ሚስት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የሺ ክምሩን እያየች ነበር።

«ይበርክት» አለ አለበል፣ ፊቱን ወደ ማሳው አድርጎ።

«አሜን፣ ይግባ» አለች የሺ።

«ይበርክት» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ይህም ልማድ ነው። የሺ ቁናውን ከእጄ ወሰደች፣ ከክምሩ ላይ ዛቀች፣ ወደ መንገዱ ሄደች። አለበል ሩዙን አየ፤ ቀጥሎ ደምሌን አየ፤ ደምሌ መንሹን ተደግፎ ቆሟል።

«ከማን ድርሻ ነው?» አለ።

«ገና አልተካፈልንም» አለችው።

እኔ ስንት ዓመት ድንበር ላይ ቆሜያለሁ፤ ሰው ሲያስብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አለበል አንድ እርምጃ ወደ ማሳው አለ፣ ተመለሰ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ዘረጋ።